ሩቁን ነው ቅርቡን?

ሰው ሲያረጅ የሚጠየቀው ነገር ይቀንሳል ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኛል። በልጅነቴ ምን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከብት ጠብቅ ሲሉኝ ጠበቅሁ፣ ዳዊት ድገም ሲሉኝ ደገምሁ፣ አግባ ሲሉኝ አገባሁ። ሙሽራዪቱን እንኳ ያየኋት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም በደህናው ዓይኔ። ማንም አላማከረኝም፤ ሁሉም ግን ደህና ሆነ። ዛሬ ጥርሴ ካለቀ፣ ጉልበቴ ከከዳኝ፣ የመካነ ብርሃን ገበያ እንኳ ያለ ምርኩዝ የማይደረስ አገር ከሆነብኝ በኋላ፣ ጎንደር ላይ የልጅ ልጄን የምታክል ሐኪም ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ “አባባ፣ ከእንግዲህ በደንብ ማየት የሚፈልጉት ሩቁን ነው ቅርቡን?” ትለኛለች።

“ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ፈጣሪ ሲሰጠኝ ሁለቱንም ነው የሰጠኝ።”

“እሱስ ልክ ነው፤ እኛ ጋ ያለው ግን አንዱ ነው” አለች፤ ሳትስቅ።

ይኸውላችሁ፣ ሞራ የሚሉት በሽታ ሲመጣ ቤቶች ብሎ አይገባም። አያምም፣ አያሳክክም፣ ዓይን አያቀላም። ከዓይን ብሌን ጀርባ ፈጣሪ ያስቀመጣት ጥርት ያለች ሌንስ አለች፤ እሷ በዕድሜ ብዛት ትደፈርሳለች፣ ቢጫ ትሆናለች፣ በስተመጨረሻ ነጭ ሆና ብርሃኑን ትዘጋለች። እስኪዘጋ ድረስ ግን ሰው ፊት መዋረድ አለ። አንዱ በመንገድ ያልፋል፤ አላየሁትምና ዝም እላለሁ። ማታውኑ ወሬው ይደርሰኛል፦ “ልጁ አሜሪካ ከገባች ወዲህ ኮራ።” ከዚያ ወዲያ ላለመታማት ያየሁትን ጥላ ሁሉ ሰላም እል ጀመር። ከቤታችን በታች ያለውን የግራር ጉቶ ስንት ማለዳ “እንደምን አደርህ ጓዴ” ብዬዋለሁ። ከመንደሩ ኮራህ ያላለኝ እሱ ብቻ ነው።

ብቻዬን አለመሆኔን የነገረችኝ ያችው ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆነው ሲገኙ፣ የግማሾቹ ምክንያት ይኸው ሞራ ነበር። በእኛ በአማራ ክልል ስሙ የገነነው ትራኮማ ነው፤ በአገር ደረጃ ግን ሰውን በማሳወር ሞራን አልደረሰበትም። ከመቶው አንዱስ ይገባኛል። ያንን 0.6 የሆነውን ሰውዬ ግን አንድ ቀን ባየው እወድ ነበር፤ የጎደለው ወገኑ የትኛው ይሆን?

እኛ ደጋ ላይ ለምንኖረው ደግሞ ፀሐይዋ አትራራም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የፀሐይ ጨረሩ ይበረታል፤ ጨረሩ ደግሞ ሞራ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ፈረንጁ ለጥቂት ቀን ሽርሽር ሲመጣ ጥቁር መነጽር፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ አፍንጫው ላይ ነጭ ቅባት አድርጎ ነው የሚመጣው። እኛ ዕድሜ ልካችንን ገብስ ስናጭድ ግን “ዓይንህን ከልል” ያለን አንድም የቀበሌ ስብሰባ የለም። የስብሰባ እጥረት ኖሮ ቢሆን ምንኛ ባልከፋኝ!

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ በመጨረሻ ጎንደር ወረድሁ። ወረድሁ ስል መጀመሪያ መውጣት አለ። ከመካነ ብርሃን መኪናው ቧሂትን ተጨንቆ ይወጣና፣ ጨነቅን፣ ሳንቃበርን አልፎ፣ ፓርኩን ሰንጥቆ ደባርቅ ይገባል፤ ከዚያ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጨነቅ ላይ “ዋልያ! ዋልያ!” ብሎ መኪናው ሙሉ ወደ አንድ መስኮት ሲንጋጋ እኔ የማየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ከፍሎ የሚያየውን አገሬን እኔ በነጻም አላገኘሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አዘነልኝና ዋልያውን በስልኩ አንስቶ ዓይኔ ሥር ደቀነልኝ። ስልኩንም አላየሁትም። “ግሩም ነው” አልሁት፤ ልጁ ቅን ነው፣ ለምን ላሳዝነው።

በአባቶቻችን ዘመን እኮ ምርጫ የሚባል ጣጣ አልነበረም። ዕድል የቀናው ሰው አዲስ አበባ ወይም አስመራ ይሄዳል፤ የደፈረሰችውን ሌንስ ያወጡለታል፤ በቦታዋ ግን ምንም አይተኩም። በምትኩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አፍንጫው ላይ ይጭኑለታል። ያ መነጽር፣ የሌንስ ጉልበት በሚለካበት በዳዮፕተር ሲቆጠር፣ ከአሥር በላይ ነው፤ የሚታየውን ነገር ሁሉ በሩብ ያህል አግዝፎ ያሳያል፤ በጎንና በጎን ያለውን ደግሞ ጨርሶ ይሰውራል። እንዲህ ያለ መነጽር የነበራቸው አንድ መሪጌታ አውቃለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። በግ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ ነጋዴው ሁሉ ይሻማባቸው ነበር፤ ቆዳና አጥንት የቀረው ጠቦት ለእሳቸው ሙክት ነውና። ቤታቸው ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ሲዳብሱት ነበር ጉዳቸውን የሚያውቁት።

ታዲያ በዓይን ውስጥ ሰው የሠራው ሌንስ ይግባ የሚለውን ነገር ማን አመጣው? ልጄ ከቨርጂኒያ ደውላ አስረዳችኝ። እሷ ነገር ስታስረዳ ካርዱ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ ሳይቸኩሉ መስማት ይቻላል። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው አለችኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ሲሰበር ስብርባሪው የአብራሪዎቹ ዓይን ውስጥ ይገባል። መስኮቱ ፐርስፔክስ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነበርና፣ ስብርባሪው ዓመታት ቆይቶም ዓይናቸውን ሳያሳብጥ፣ ሳይመግል ተቀመጠ። ሪድሊ ይህን ልብ አለና ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ አበደ አሉት፤ ለብዙ ዓመታት ተቃወሙት። የአሜሪካ መንግሥትም ሌንሱን በይፋ የፈቀደው በ1981 ነው።

“እንግዲያስ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው የአውሮፕላን መስኮት ነዋ!” አልኋት።

“አባዬ፣ ዓይነቱ ነው እንጂ...”

“አባቶቻችን እኮ አውሮፕላን ያወቁት ቦምብ ሲጥልባቸው ነው። የጣሊያን አለመሆኑን አጣሪልኝ።”

ከዚያ ወዲያ ነው የዋጋው ነገር የመጣው። እዚህ ላይ፣ ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች አሉ። ሌንሱ በፈረንጅ አገር ብቻ ሲመረት አንዱ ከ100 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ እንደ እኔ ላለ የጃናሞራ ገበሬ ይህ የበሬ ነገር ነው። በኒው ዚላንድ ተወልዶ በአውስትራሊያ የሠራ ፍሬድ ሆሎውስ የሚባል የዓይን ሐኪም በጦርነቱ ዘመን ኤርትራ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ያየውን አይቶ፣ ድሃ አገር ለራሱ ሌንስ መሥራት አለበት ብሎ ተነሣ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1993 ሞተ፤ ፋብሪካው በተከታዩ ዓመት አስመራ ላይ ተከፈተ። ሳንዱክ ሩይት የሚባለው ኔፓላዊ ወዳጁ ደግሞ ካትማንዱ ላይ ሌላውን አቆመ። ሕንዶቹም ከእነሱ ቀድመው፣ በ1992፣ ማዱራይ በምትባል ከተማ አውሮላብ የሚባል ፋብሪካ ከፍተው ነበር። በእነዚህ ሁሉ ብርታት ዋጋው ከ10 ዶላር በታች ወረደ። በሕይወቴ ዋጋው ወረደ ሲባል የሰማሁት ይህ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ምነው ለጤፉም አንድ ሰው በተሟገተለት።

አስመራ መሆኑ ግን ገረመኝ። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደው፣ ጣሊያን የጠረበው መንገድ፣ ሽሬን አልፎ የሚያደርሰው እዚያው አስመራ ነው። በዚያ መንገድ ስንቱ የአገራችን ሰው ሥራ ፍለጋ ወርዷል፤ ስንቱ ጨውና ጨርቅ፣ ኋላም ስንቱ ጥይት ወጥቷል። አንድ ቀን ዓይን ይመጣበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ወደ እኔ ጉድ ልመለስ። ሐኪሟ ዓይኔን ለካችው። መጀመሪያ የማደንዘዣ ጠብታ ጠብ አደረገችበት፤ ቀጥላ ብዕር የምታክል ነገር ብሌኔ ላይ አስነክታ፣ በድምፅ ሞገድ የዓይኔን ርዝመት ከፊት እስከ ኋላ አነበበችው፤ የፊቱንም ጉብታ በሌላ መሣሪያ ለካች። ሲቀመር ቁጥር ይወጣል፤ የሚገባው ሌንስ የዚያ ቁጥር ነው። የብዙ ሰው ከ20 ዳዮፕተር እምብዛም አይርቅም፤ ሌንሶቹም በግማሽ በግማሽ ነው የሚበላለጡት። “በርዝመቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ከተሳሳትሁ ሦስት ዳዮፕተር ያህል እስታለሁ፤ እንዳይነቃነቁ” አለችኝ። አንድ ሚሊ ሜትር! እኛ አገር መሬት ሲለካ ገመዱ የሚስተው በክንድ ነው፤ ለዚያውም ምስክር ቆሞ፣ ሊቀ መንበር ተቀምጦ። እዚህ አንዲት ፍሬ ልጅ ያለ ምስክር፣ ያለ ዳኛ፣ ጨለምለም ባለ ክፍል ውስጥ ሚሊ ሜትር ትቆጥራለች። አክብሮቴን ላለማሳየት ብዙ ታገልሁ።

ስለ ሌንሱም አስረዳችኝ። እሱስ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነው፤ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ከጎንና ከጎኑ ሁለት ቀጫጭን ክንድ የወጣለት። በእነዚያ ክንዶቹ ተደግፎ፣ የድሮዋ ሌንስ በነበረችበት ስስ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ ዕለተ ሞት አይወጣም፣ አይቀየርም። የማይታጠፍም አለ፣ የሚታጠፍም አለ። የማይታጠፈው ያው የሪድሊ ፕላስቲክ ዘር ነው፤ ሲገባ ሰፋ ያለ በር ይፈልጋል፤ ቢሆንም ቀዳዳው ባለ ሙያ ካበጀው ያለ ስፌት ራሱ ይዘጋል። የሚታጠፈው ተጠቅልሎ ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰች ቀዳዳ ሾልኮ ውስጥ ይዘረጋል፤ እሱ ደግሞ ሞራውን በድምፅ ሞገድ ፈጭቶ የሚመጥ ውድ መሣሪያ ቢኖር ነው የሚያምርበት። “የትኛው ይሻላል?” ብላት፣ “ቁጥሩ ልክ ከሆነና ከኋላው ያለው ዓይን ጤና ከሆነ በሁለቱም ያያሉ” ብላ ዘጋችው። ልጄ ግን በስልክ አልዘጋችም።

የቤተ ዘመድ ጉባኤ ተጠራ። ስለ እኔ ዓይን፣ እኔ በሌለሁበት፣ በስልክ። ልጄ ከቨርጂኒያ፣ “መልቲፎካል የሚባል አለ፤ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል፤ ብሩን እኔ እልካለሁ” አለች። የአዲስ አበባው ልጄ፣ “መካከለኛው ይሁን፤ አባዬ ስልክ እንዲያይ” አለ። እኔ ስልክ የማየው ሲጠራ ነው፤ ሲጠራ ደግሞ ይሰማኛል። ጎንደር ማራኪ ያለው የእህቴ ልጅ ሌላ አመጣ፦ “አንዱ ዓይን ለሩቅ፣ ሌላው ለቅርብ ይደረጋል፤ አንጎል ይለምደዋል።” ይህን ሐኪሟም አልካደችም፤ አለ፣ ይደረጋል፣ የሚስማማው ሰውም አለ አለች። እንዴት ተደርጎ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታርቅ የኖርሁ ሽማግሌ፣ በስተርጅና ሁለቱ ዓይኖቼ በግንባሬ ላይ እየተካሰሱ ልኑር? ማን ነው የሚሸመግላቸው፣ አፍንጫዬ?

መልቲፎካሉን ሐኪሟ ራሷ አወረደችልኝ። ሌንሱ የገባውን ብርሃን ለሩቅና ለቅርብ ያካፍለዋል፤ ስለዚህ ድምቀቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ በተለይ በጨለማ በብርሃን ዙሪያ ቀለበት ቀለበት ይታያል፤ ከኋላ ያለው የዓይን መጋረጃ ፍጹም ጤነኛ ካልሆነ ደግሞ ገንዘቡ በከንቱ ነው። እኔ ማታ የምሄደው የት ነው? ቤተ ክርስቲያን። ለትንሣኤ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጧፍ አብርቶ፣ እያንዳንዱ ጧፍ ቀለበት ቢያወጣብኝ፣ ሞቼ መንግሥተ ሰማያት የደረስሁ መስሎኝ ዕዳዬን ሁሉ እናዘዝ ነበር። እኔ ደግሞ ገና ያልከፈልሁት ዕዳ አለብኝ፤ አበዳሪው ካላነሣው እኔ የማላነሣው።

ላስብበት ብዬ ቤቴ ስመለስ ጎረቤት የሆኑ አንድ መሪጌታ ደግሞ ሰምተው መጡ። “ቅርቡን ነው እንጂ! ዳዊት ሳትደግም ልትሞት ነው?” አሉ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው የማሳ ጎረቤቴ፣ “ሩቁን! ጭላዳው ገብሱን ሲጨርሰው ማን ይይ?” አለ። ሁለቱ እኔ ቤት ጠላ ይዘው እርስ በርስ ሲከራከሩ ማንም ወደ እኔ ዞሮ አላየም።

እኔም ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። እንዲህ ያለ ሒሳብ ደግሞ ከባድ ነው፤ የቀረህን ዕድሜ በክንድና በስንዝር እንደ መለካት ነው። ዳዊቱን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ገጹን የምገልጠው እጄ እንዳይፈታ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የለም። ብር ኖቱን በመጠኑም በቀለሙም እለየዋለሁ። ሽምግልና ስቀመጥ ግን የሚዋሸው ሰው ፊት የሚርቀኝ ጥቂት ክንድ ነው፤ ሰው ሲዋሽ ደግሞ ጉንጩን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም። ለቀብር የሚመጣው ሰው ከየትኛው ሸንተረር እንደሚወርድ፣ ማን ቀደመ ማን ቀረ፣ ይህንን ማወቅ የሽማግሌ ሥራ ነው። ጭላዳውም አለ። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ እየወጣ ከገብሱ ማሳ ጥግ ይሰፍራል፤ ሞራዬን ከመንደሩ ሰው ቀድሞ ያወቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ስጠብቅ መሮጥ ትቶ ነበር።

ጎንደር ተመልሼ “ሩቁን” አልኋት ሐኪሟን።

“ብዙ ሰው እሱን ነው የሚመርጠው፤ ለንባብ መነጽር ይገዛሉ” አለችኝ። ታዲያ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱ ከሆነ ለምን እኔን ጠይቃ ዘመድ አባላችኝ? በነጻ የዘመቻ ሕክምና የታከመ የቆየ ወዳጅ አለኝ። መጡ፣ ለኩ፣ አስገቡ፣ ሄዱ፤ ማንም ሩቅ ቅርብ አላለው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣለት አየ፤ እልል ተባለ፤ አበቃ። ዛሬም ሌንሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ብትጠይቁት “የመንግሥት ነው” ይላችኋል።

ቀዶ ጥገናውን ላካብድ ብፈልግ ነገር አጣሁ። በዓይኔ ዙሪያ መርፌ ወጉኝ፤ ይህቺ ታማለች፤ ከዚያ ወዲያ ድንዝዝ ነው። ነቅቼ ተኝቼ የሚያወሩትን ሁሉ እሰማለሁ። መብራት ብቻ ይታየኛል፤ አንድ የደመቀ፣ የሚንሳፈፍ መብራት። ቡና አፍልተው ሁለተኛውን ስኒ በማይጨርሱበት ጊዜ “አለቀ አባባ” ተባልሁ። እኔ ደግሞ ከስንት ተራራ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ቢያንስ ትንሽ እንዲደክማቸው እጠብቅ ነበር።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠብታ በየሰዓቱ። ዓይን ማሸት ክልክል። ከባድ ማንሳት ክልክል። ጎንበስ ማለት ክልክል፤ ስለዚህ ስግደት የለም። ውኃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፤ ስለዚህ ጠበል የለም። ጭስና አቧራ ራቅ፤ ስለዚህ ዕጣኑም ቀረ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ “አባ፣ ስግደትም ጠበልም ዕጣንም ከተከለከለ ለእኔ ምን ተረፈኝ?” ብላቸው፣ “ጾሙ ተርፎሃል” አሉኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ በአዲሱ ዓይኔ ጥርት አድርጌ አየሁት።

አዎ፣ ይታየኛል። መናገር ካለብኝ ይታየኛል። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ያውም የሚያሳፍር ሰማያዊ። የድሮዋ ሌንስ ቢጫ ሆና ሰማያዊውን ቀለም ስታስቀርብኝ ኖራለች አሉኝ። ነጭ የመሰለኝ ጋቢ ነጭ አልነበረም። የቤታችን ግድግዳ ጥቀርሻ፣ የጣሪያው ሸረሪት፣ ሁሉም ወደ እኔ መጣ። ይህ ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ ማሳው ጋ ስወጣ የሆነው ነው። ከላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት፣ በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው የድንበር ድንጋይ ወደ እኔ ገብስ ተሻግሯል። ድንጋይ በራሱ እግር አይሄድም። ይህ ያው “ሩቁን! ጭላዳውን ማን ይይ!” ብሎ የመከረኝ ጎረቤቴ ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ጎረቤቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? “እሳቸው ዓይናቸው ውስጥ መነጽር ተከትቶላቸዋል፤ የሟቹን መሪጌታ አታስታውሱም? ጠቦቱን ሙክት አድርጎ ሲያሳያቸው የኖረው መነጽር ነው፤ የእሳቸውም ድንበሩን አግዝፎባቸው ነው።” ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነገሩ ያሳምናል። እኔ ተነሣሁና ያቺ ልጅ ያስተማረችኝን ሁሉ ዘረገፍሁት፦ ያ መነጽር ነበር፣ ከዓይን ውጭ የሚቆም፣ ስለዚህ ያገዝፋል፤ ይህ ግን የተፈጥሮዋ ሌንስ በነበረችበት ቦታ የሚቀመጥ ነው፣ ማንንም አያገዝፍም፣ ማንንም አያሳንስም፤ ልኬቱም ሚሊ ሜትር አይስትም። “እኔ የማየው ድንጋዩ ያለበትን ነው” አልሁ። በገመድ ተለካ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጎረቤቴ ሌላውን ዓይኔን መቼ እንደምታከም ደጋግሞ ይጠይቀኛል፤ አሳቢ ሰው ነው።

ለንባብ የሚሆነውን መነጽር ጎንደር አራዳ ላይ ከሱቅ በደረቴ ገዛሁት። ያ ሁሉ ሚሊ ሜትር፣ ያ ሁሉ የድምፅ ሞገድ፣ ያ ሁሉ የቨርጂኒያ ምክር ቀርቶ፣ አንድ ጎረምሳ ደረቱ ላይ ከዘረጋው መካከል ሁለት ነጥብ አምስት የሚባለውን መዝዞ አፍንጫዬ ላይ ሰካልኝና፣ “ታየዎት አባባ?” አለኝ። የሎተሪ ቲኬት አውጥቶ ቁጥሩን አስነበበኝ፤ አነበብሁ። ቲኬቱንም ጨምሮ ሸጠልኝ። ቀለበት የለ፣ ዳዮፕተር የለ፣ ጉባኤ የለ። ሐኪም ቤቱ የእሱን የመሰለ ሰው በር ላይ ቢያቆም ወረፋው ባጠረ ነበር እላለሁ፤ ልጄ ይህን ስትሰማ ስልኩ ውስጥ ጮኸችብኝ።

አሁን ተራው የልጆቼ እናት ነው። የእሷም ሁለቱም ዓይን ሞራ ጀምሮታል፤ ዘመኗን ሁሉ ጭስ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር፣ ጭሱም የራሱን ድርሻ አድርጓል ይላሉ። ይዣት ጎንደር ሄድሁ። ያቺው ሐኪም፣ ያችው ወንበር። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ የሌንስን ዓይነትና የመልቲፎካልን ጉድለት ላስረዳ ስዘጋጅ፣ ሐኪሟ “እማማ፣ ሩቁን ነው...” ብላ ሳትጨርስ፦

“ቅርቡን” አለች። “ምስር እለቅማለሁ፣ መርፌ እሰካለሁ። ሩቁን እሳቸው ያዩታል።”

ይኸው ነው። ጉባኤ አልተጠራ፣ ጠላ አልተቀዳ፣ መሪጌታ አልመጣ። የተከራከራት ሰው የለም፤ ይልቁን ሐኪሟ ሳቀችና “እማማ ጎበዝ ነዎት” አለቻት። እኔን እንዲህ ያለኝ አልነበረም። ማታ ልጄ ከቨርጂኒያ ደወለች፤ “ለእማዬስ መልቲፎካል ይሁንላት እንጂ!” እያለች ስልኩ ይንጫጫል። ባለቤቴ ትንሽ አዳመጠችና ስልኩን አቀበለችኝ።

“ይውሰዱ” አለች፤ “የሚደወለው ከሩቅ ነው፤ የአንቱ ድርሻ ነው።”